ዊንዶውስ ድራይቨሩን ካዘመነ በኋላ ዋይፋዩ ከተንቀራፈፈ፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ መፈለጊያ

ላፕቶፑ እስከ ትናንት ቪዲዮ ያለ ችግር ያሳይ ነበር። ዛሬ አንድ ገጽ ለመክፈት ይንቀራፈፋል። ራውተሩ ያው ነው፤ ፓኬጁም ያው ነው። የተለወጠው ዊንዶውስ ራሱን ሲያዘምን አብሮ የጫነው የዋይፋይ ድራይቨር ነው። ወይም ደግሞ እናንተው «አዲስ ድራይቨር ተገኝቷል» የሚል መልእክት አይታችሁ ጭናችሁታል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ራውተሩን ይጠረጥራል፣ ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ይደውላል። ላፕቶፑን ፎርማት እስከማስደረግ የሚደርስም አለ። ፎርማት ግን ለዚህ ችግር መፍትሔ አይደለም። አዲስ የተጫነው ዊንዶውስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ያንኑ ድራይቨር መልሶ ሊያወርደው ይችላል። ፋይላችሁ ጠፍቶ ችግሩ ይቀራል።

ድራይቨር ማለት ዊንዶውስና የዋይፋይ ካርዱ የሚግባቡበት ሶፍትዌር ነው። ካርዱ በየትኛው ባንድ (በ2.4 ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ) እንደሚሠራ፣ መቼ ኃይል እንደሚቆጥብ፣ ሲግናል ሲደክም መቼ ሌላ ራውተር ፍለጋ እንደሚወጣ በእሱ ይወሰናል። ስለዚህ ካርዱ ምንም ሳይነካው ፍጥነቱ ሊወድቅ ይችላል። ደግነቱ፣ እንዲህ ዓይነቱ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም ሳይወጣበት ይስተካከላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትነካኩ። ያገኘውን ምክር ሁሉ አከታትሎ የሚሞክር ሰው ፍጥነቱ ቢመለስለት እንኳ በምን እንደተመለሰ አያውቅም። በሚቀጥለው አፕዴት ችግሩ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ለኩ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ መልሳችሁ ለኩ። ከታች ያለው ሁሉ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው፤ የተጻፈውም ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የድራይቨሩ መሆኑን አረጋግጡ

ስልካችሁን ላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጡና ሁለቱንም ከአንድ ዋይፋይ ጋር አገናኙ። ከዚያ በስፒድቴስት ወይም በፋስት ዶት ኮም በየተራ ለኩ። አንዱ ሲለካ የሌላው ዋይፋይ ይጥፋ። በስፒድቴስት ስትለኩ ሁለቱም ላይ አንድ ሰርቨር ምረጡ፤ የአዲስ አበባ ሰርቨርና የናይሮቢ ሰርቨር የሚሰጡትን ቁጥር ማወዳደር አይቻልም። ስልኩም ከዘገየ ነገሩ ከራውተሩ ወይም ከመስመሩ ነው፤ ድራይቨሩን ለጊዜው ተዉት። ስልኩ ፈጥኖ ላፕቶፑ ብቻ ከዘገየ ቀጥሉ።

የኔትወርክ ኬብል ካላችሁ ደግሞ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝታችሁ ለኩ። በኬብል ፈጣን፣ በዋይፋይ ቀርፋፋ ከሆነ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው። በኬብልም ከዘገየ ግን የዋይፋይ ድራይቨር ተጠያቂ ሊሆን አይችልም።

ድራይቨሩ በከንቱ የሚወቀስባቸው ሁለት ሁኔታዎችም አሉ። አንደኛው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። ብዙ ራውተሮች ቻናላቸውን፣ ማለትም በባንዱ ውስጥ የሚሠሩበትን ክፍል፣ የሚመርጡት ሲበሩ ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ ከመጣ፣ ራውተራችሁ ከጎረቤት ራውተር ጋር የሚጋፋበት ቻናል ላይ ተቀምጦ ሊያድር ይችላል። ያው ሌሊት ላፕቶፑ አፕዴት ካደረገ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፤ ላፕቶፑንም «ሪስታርት» አድርጉ። ክዳኑን ዘግቶ መክፈት ሪስታርት አይባልም። «ሻት ዳውን»ም ቢሆን ፋስት ስታርትአፕ በበራበት ዊንዶውስ ድራይቨሮችን ሙሉ በሙሉ አዲስ አያስነሳም። «ሪስታርት» የሚለውን ራሱን ተጫኑ።

ሁለተኛው ዊንዶውስ ራሱ በጀርባ ሲያወርድ ነው። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ቀሪ ፋይሎችን ማውረዱ የተለመደ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። «ኔትወርክ» የሚለውን ዓምድ ስትጫኑ ብዙ የሚጠቀመው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ዋንድራይቭ ወይም ስቶር ከታየ ሥራውን እስኪጨርስ ጠብቁት።

ደረጃ 2፦ ሁለት ቁጥሮች ያዙ

ትልቁ ሥራ እዚህ ጋ ነው። በችኮላ አትለፉት።

የመጀመሪያው ቁጥር ሊንክ ስፒድ ነው። ይህ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለው የግንኙነት ፍጥነት ነው እንጂ የኢንተርኔታችሁ ፍጥነት አይደለም። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡና «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»ን፣ ከዚያ «ዋይፋይ»ን፣ ከዚያ የተገናኛችሁበትን ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። ወደ ታች ስትወርዱ ሊንክ ስፒዱን፣ ፕሮቶኮሉን፣ ባንዱንና ቻናሉን ታያላችሁ። በዊንዶውስ 10ም እዚያው አካባቢ ነው። ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ቁጥሩ (በሰከንድ ሜጋ ቢት ነው) ብዙ ይናገራል። 54 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ራውተሩ አጠገብ ተቀምጣችሁ ከሆነ ካርዱ ወደ አሮጌው የዋይፋይ ዘመን ተመልሷል ማለት ነው። 72 ከሆነ በ2.4 ጊጋኸርዝ በአንድ አንቴና፣ በጠባቡ (20 ሜጋኸርዝ) ቻናል እየሠራ ነው። 144 ሁለት አንቴና በጠባቡ ቻናል፣ 300 ደግሞ ሁለት አንቴና በሰፊው (40 ሜጋኸርዝ) ቻናል ነው። 433 እና 866 የ5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ 5 ቁጥሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው በአንድ አንቴና፣ ሁለተኛው በሁለት። ዋይፋይ 6 በሁለት አንቴና፣ በ80 ሜጋኸርዝ ቻናል 1201 ያሳያል። እነዚህ ሁሉ ጣሪያዎች ናቸው። ከራውተሩ በራቃችሁ ቁጥር መውረዳቸው ጤናማ ነው። ፋይል ስታስተላልፉ በእውነት የምታገኙትም ከሊንክ ስፒዱ ግማሽ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ፒንግ ነው፤ ላፕቶፑ ወደ ራውተሩ የላከው አጭር መልእክት መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። መጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ እወቁ። «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ውስጥ «ሃርድዌር ኤንድ ኮኔክሽን ፕሮፐርቲስ» የሚል ገጽ አለ፤ በዊንዶውስ 11 የሚገኘው «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ሥር ነው። እዚያ «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለውን ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። ከዚያ ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብላችሁ ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል ፒንግ ብላችሁ ጻፉ፣ ክፍት ቦታ ተዉ፣ አድራሻውን ጻፉ፣ እንደገና ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝና የእንግሊዝኛዋን ቲ ጨምሩና ኢንተር ተጫኑ። እስክታቆሙት ይቀጥላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ተመልከቱት። ለማቆም ኮንትሮልና ሲ ነው።

ራውተሩ ቅርብ ስለሆነ መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ መምጣት አለበት። አልፎ አልፎ 20 ወይም 30 ቢል ችግር የለውም። 200፣ 500 እያለ የሚዘል ከሆነ ወይም «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» የሚል መስመር እየደጋገመ ከመጣ ግን ችግሩን አግኝታችሁታል ማለት ነው።

ሁለት ቁጥር ያስፈለገበት ምክንያት አለው። የቤታችሁ መስመር 10 ሜጋ ቢት ነው እንበል። ሊንክ ስፒዱ ከ866 ወደ 144 ቢወርድ ኢንተርኔት ላይ ልዩነቱ ሊሰማችሁ አይገባም፤ 144ም ከመስመሩ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ «ድሮ 866 ነበር፣ አሁን 144 ሆነ» ብላችሁ ባንድና ቻናል ስትቀያይሩ ብትውሉ ገጾቹ አይፈጥኑም። እንዲህ ባለ ቤት የሚያንቀራፍፈው ብዙ ጊዜ የመረጃው መዘግየትና በመንገድ መጥፋት ነው። ያንን የሚያሳየው ፒንግ ብቻ ነው። አገራችን ውስጥ የቤት መስመር ከዋይፋዩ አቅም በታች መሆኑ የተለመደ ስለሆነ ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

መስመሩ 10 ሜጋ ቢት ሆኖ ብሮውዘሩ በሰከንድ 1.2 ሜጋ ባይት ሲያወርድ ብታዩም አትደናገጡ። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ነው፤ የከፈላችሁበትን እያገኛችሁ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች በኋላ መንገዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ሊንክ ስፒዱ ከወደቀ የባንድ፣ የሞድ ወይም የቻናል ስፋት ጉዳይ ነው። ሊንክ ስፒዱ ጥሩ ሆኖ ፒንጉ ከዘለለ የኃይል ቁጠባ፣ የብሉቱዝ ወይም የረብሻ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ኢንተርኔቱ ብቻ ከዘገየ ዋይፋዩ ንጹሕ ነው፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 እለፉ።

ደረጃ 3፦ የተጫነውን ድራይቨር እወቁት

ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ዲቫይስ ማናጀር»ን ክፈቱ። «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርጉ። በስሙ ውስጥ ዋይፋይ ወይም ዋየርለስ የሚል ያለበት ካርድ የእናንተ ነው። ኢንቴል፣ ሪያልቴክ፣ ኳልኮም ወይም ሚዲያቴክ ሊሆን ይችላል። ሁለቴ ተጫኑትና «ድራይቨር» የሚለውን ታብ ክፈቱ። አቅራቢውን፣ ቀኑንና ቨርዥኑን ፎቶ አንሱ።

በዚህ አጋጣሚ የካርዱን ስም ልብ በሉ። አንዳንድ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ያለው የሪያልቴክ 8723 ቤተሰብ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ፣ በአንድ አንቴና የሚሠራ ካርድ ነው። እሱን ከ5 ጊጋኸርዝ ራውተር ጋር ለማገናኘት መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ዊንዶውስ በእርግጥ ድራይቨር ጭኖ እንደሆነ ለማየት «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ «አፕዴት ሂስትሪ»ን ክፈቱ። «ድራይቨር አፕዴትስ» በሚለው ሥር ከነቀኑ ተዘርዝሯል። ቀኑ ችግሩ ከጀመረበት ጋር ከገጠመ ጥርጣሬው ጠነከረ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ወደ ቀድሞው ድራይቨር ተመለሱ

ማስተካከያ ከመነካካት በፊት ይህን እንድትሞክሩ የምመክረው በምክንያት ነው። በቀድሞው ድራይቨር ፍጥነቱ ከተመለሰ ክርክሩ አለቀ። ካልተመለሰ ደግሞ ድራይቨሩ ነጻ ነው፤ ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ።

«ድራይቨር» ታብ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚል ቁልፍ አለ። ተጫኑት፣ ምክንያት ሲጠይቃችሁ አንዱን ምረጡ፣ ሲጨርስ ሪስታርት አድርጉና ሁለቱን ቁጥሮች መልሳችሁ ለኩ።

ብዙ ጊዜ ግን ቁልፉ ደብዝዞ አይሠራም። የቀድሞው ድራይቨር በዲስክ ጽዳት ወቅት ተሰርዞ ወይም ካርዱ እንደ አዲስ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ በር አለ። እዚያው ታብ ላይ «አፕዴት ድራይቨር»ን ተጫኑ። «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር» የሚለውን ምረጡ። ቀጥሎ ከታች በኩል ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ድራይቨሮች ዝርዝር ራሳችሁ እንድትመርጡ የሚያስችለውን ተጫኑ። ለአንድ ካርድ ሁለት ሦስት ቨርዥን ተደርድሮ ልታገኙ ትችላላችሁ። ፎቶ ካነሳችሁት ያነሰ ቁጥር ያለውን መርጣችሁ ጫኑ።

ዝርዝሩ ውስጥም ከሌለ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ማውረድ ነው። ዴል ከሆነ ከሥሩ የተለጠፈውን «ሰርቪስ ታግ»፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ከሆነ ሲሪያል ቁጥሩን አስገቡ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ተለጣፊው ከጠፋ ሞዴሉን ስታርት ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ድረ ገጾቹ የቆዩ ቨርዥኖችንም ብዙ ጊዜ ያስቀምጣሉ።

ከማጥፋታችሁ በፊት ግን አውርዱ! የዋይፋይ ድራይቨሩን አስቀድሞ አጥፍቶ በኋላ ኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው ይቸገራል። ፋይሉ እጃችሁ ከገባ በኋላ ካርዱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» በሉ፤ ድራይቨሩም አብሮ እንዲጠፋ የምትጠይቀውን ትንሿን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። እሷን ከዘለላችሁ ሪስታርት ስታደርጉ ያው ድራይቨር ይመለሳል። ከዚያ ያወረዳችሁትን ጫኑ። በመሀል ኢንተርኔት ካጣችሁ አንድሮይድ ስልክን በቻርጀር ኬብል አገናኝታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ብታበሩ ላፕቶፑ ያለ ዋይፋይ በስልኩ ዳታ ይሠራል።

«ድራይቨሮቻችሁን ሁሉ በአንድ ጠቅታ እናድስ» ከሚሉ ፕሮግራሞች ራቁ። ለላፕቶፓችሁ ተስተካክሎ የተሠራውን አንስተው ለካርዱ ዓይነት በጥቅሉ የተሠራውን ሊጭኑ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ማስታወቂያና ሌላ ኮተት ይዘው ይመጣሉ። አዲስ የተባለ ሁሉ የተሻለ አይደለም። ጥሩ ድራይቨር የሚባለው ለላፕቶፓችሁ የሚስማማው ነው።

ወደ ኋላ መመለስም ልክ አለው። በፈረንጆቹ ግንቦት 2021 ፍራግአታክስ የተባሉ የዋይፋይ የደኅንነት ክፍተቶች ይፋ ሆነዋል። የተደፈኑት በአብዛኛው በድራይቨር አፕዴት ነው። ስለዚህ ከቻላችሁ ከዚያ ዘመን በፊት ወዳለ ድራይቨር ተመልሳችሁ እዚያው አትቅሩ፤ በተለይ በካፌና በሆቴል ዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነ።

ደረጃ 5፦ ሊንክ ስፒዱ ከወደቀ

አዲስ ድራይቨር ሲጫን የድሮ ማስተካከያዎቻችሁን ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሊመልስ ይችላል። የካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «አድቫንስድ» የሚለውን ታብ ክፈቱ። በግራ የማስተካከያው ስም፣ በቀኝ የተመረጠው አለ። ስሞቹ ከካርድ ካርድ ይለያያሉ፤ እዚህ የጠቀስኳቸው በኢንቴል ካርዶች ላይ የሚታዩት ናቸው። ምንም ሳትለውጡ እያንዳንዱን ፎቶ አንሱ።

«ዋየርለስ ሞድ» ካርዱ የሚችለው ከፍተኛው ላይ መሆኑን እዩ። «ቻናል ዊድዝ» ለ5 ጊጋኸርዝ «አውቶ» ይሁን፤ «20 ብቻ» የሚል ከሆነ ፍጥነቱ የታነቀው እዚያ ነው። ለ2.4 ጊጋኸርዝ ግን በተቃራኒው 20ን እመርጣለሁ። በኮንዶሚኒየም ወይም ቤት ለቤት በተጠጋጋ ሰፈር ውስጥ አየሩ በጎረቤት ዋይፋይ የተሞላ ነው። እዚያ ሰፊ ቻናል መውሰድ ከብዙ ሰው ጋር መጋፋት እንጂ ፍጥነት አያመጣም።

«ፕሪፈርድ ባንድ» 5 ጊጋኸርዝ እንዲቀድም ማድረግ የሚጠቅመው ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ወይም አንድ ግድግዳ አልፋችሁ ከሆናችሁ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ብሎኬትና ኮንክሪት ሲያልፍ ቶሎ ይደክማል። ሳሎን ያለውን ራውተር ከጓሮ ክፍል የምትጠቀሙ ከሆነ 2.4 ይሻላችኋል።

ቁጥሩ 54 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ደግሞ ላፕቶፑን ተዉትና የራውተሩን የምስጠራ ዓይነት እዩ። ዋይፋይ 4 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት ፍጥነቶች «ቲኪፕ» ከሚባለው አሮጌ የምስጠራ ዓይነት ጋር አብረው አይሠሩም። ራውተሩ ቲኪፕ ላይ ከሆነ ካርዱ ወደ 54 ለመውረድ ይገደዳል። አንዳንድ ራውተር «ሚክስድ» ይላል፤ የድሮው ድራይቨር የተሻለውን ይመርጥ የነበረ ሲሆን አዲሱ ቲኪፕን ሊይዝ ይችላል። የራውተሩን አድራሻ ብሮውዘር ላይ ጽፋችሁ ግቡና ምርጫውን «ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር» ብቻ አድርጉት። ለደኅንነትም የሚሻለው እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ሊንክ ስፒዱ ጥሩ ሆኖ ፒንጉ ከዘለለ

በጣም ቀላል በሆነው ሙከራ ጀምሩ። ፒንጉ እየሄደ ሳለ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሰኩ። በባትሪ ሲሆን ብቻ የሚዘል ከሆነ ኃይል ቁጠባው ነው። ካርዱ ባትሪ ለመቆጠብ በየመሀሉ እያንቀላፋ ነው። የካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ፓወር ማኔጅመንት» ታብ ካለ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ቀጥሎ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ግቡ፤ የምትጠቀሙበትን ፕላን አድቫንስድ ማስተካከያ ክፈቱና «ዋየርለስ አዳፕተር ሴቲንግስ»ን «ማክሲመም ፐርፎርማንስ» አድርጉት። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ እነዚህ ሁለቱ ላይታዩ ይችላሉ፤ የተበላሸ ነገር የለም። በዚያ ጊዜ «አድቫንስድ» ታብ ውስጥ «ሚሞ ፓወር ሴቭ ሞድ» ካለ ቁጠባ የሌለበትን ምረጡ።

ኃይሉ ካልሆነ ብሉቱዝን አጥፉና ፒንጉን ተመልከቱ። ብሉቱዝና 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ በአንድ ሞገድ ላይ ይሠራሉ። ብዙ ላፕቶፕ ላይ በአንድ ካርድ ተጣምረው ነው የሚመጡት። ሁለቱ ተራ እየጠበቁ እንዲሠሩ የሚያደርገው ድራይቨሩ ነው። የዋይፋዩ ብቻ ታድሶ የብሉቱዙ ከቀረ ተራ አጠባበቁ ሊበላሽ ይችላል። ብሉቱዝ ስታጠፉ ፒንጉ ከተረጋጋ የብሉቱዝ ድራይቨሩንም ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ወይም ወደ 5 ጊጋኸርዝ ተሻገሩ።

በዩኤስቢ 3 የተሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም 2.4 ጊጋኸርዝን ይረብሻል። ኢንቴል በ2012 ይህን በጽሑፍ አስረድቶታል። ዲስኩን ነቅላችሁ ሞክሩ። በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ ዶንግል የምትጠቀሙ ከሆነ ዲስኩና ዶንግሉ ጎን ለጎን አይሁኑ።

የቀረው «ሮሚንግ አግሬሲቭነስ» ነው። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ራውተር ብቻ ካለ ዝቅተኛውን ምረጡ። ከፍ ያለ ከሆነ ካርዱ የተሻለ ሲግናል ፍለጋ በየጊዜው ዙሪያውን ይቃኛል፤ በሚቃኝበት ቅጽበት መረጃ ይቆማል።

ደረጃ 7፦ ሁለቱም ቁጥሮች ደህና ሆነው ኢንተርኔቱ ብቻ ከዘገየ

ድራይቨሩ ሲጫን ዊንዶውስ ካርዱን እንደ አዲስ ሊቆጥረው ይችላል። የኔትወርኩ ስም «ዋይፋይ 2» ሆኖ ካያችሁ ይህ ነው የሆነው። በድሮው ስም ላይ በእጅ ያስገባችሁት ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት) ካለ አብሮ ቀርቷል። ፋይል ማውረድ ፈጣን ሆኖ ገጽ መክፈት ብቻ ከዘገየ ዲኤንኤሱን እንደገና አስገቡት። ቪፒኤን ካላችሁ አጥፍታችሁ ለኩ። አንቲቫይረስም ኔትወርኩ ላይ የሚተክለው ማጣሪያ አለው፤ ለአፍታ አቁማችሁ ከለካችሁ በኋላ መልሳችሁ አብሩት።

ሌላ መላ ከጠፋ «ኔትወርክ ሪሴት» አለ። የሚገኘው «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ውስጥ ነው። ሁሉንም የኔትወርክ ካርዶች አውጥቶ መልሶ ይጭናል። የዋይፋይ ይለፍ ቃሎቻችሁን ስለሚረሳ አስቀድማችሁ ጻፏቸው፤ ቪፒኤኑንም እንደገና መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

በስልክ ሆትስፖት ለምትጠቀሙ እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሆትስፖታችሁን «ሚተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የተገደበ መስመር) አድርጋችሁት ከነበረ ሪሴት ሲደረግ ይጠፋል። ዊንዶውስ ያልተገደበ መስመር ያገኘ መስሎት አፕዴት ማውረድ ይጀምራል፤ ፓኬጁ ሳታውቁት ያልቃል። እንደገና ስትገናኙ የመጀመሪያ ሥራችሁ ሚተርዱን መልሶ ማብራት ይሁን።

ደረጃ 8፦ ድራይቨሩ ተመልሶ እንዳይመጣ

የቀድሞው ድራይቨር ከሠራላችሁ ዊንዶውስ ነገ መልሶ እንዳይቀይረው አድርጉ። «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ አፕዴቱን እስከ አምስት ሳምንት ማቆም ይቻላል። ይህ ፋታ ይሰጣል እንጂ ዘላቂ አይደለም። ስታርት ላይ «ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ» ብላችሁ ፈልጉና «ኖ» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ ፕሮ ያላችሁ ደግሞ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ አፕዴት ከድራይቨር ጋር እንዳይመጣ የሚያደርገውን ማብራት ትችላላችሁ። አፕዴትን ጨርሶ ማጥፋት ግን አልመክርም። ለዋይፋዩ ሲባል የደኅንነት ጥገናዎችን ሁሉ ማጣት አይገባም። የካርዱ አምራች አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ በዚሁ መንገድ ለክታችሁ ሞክሩት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተለወጠ ድራይቨርና ካርድን የሚለይ ጥሩ ፈተና አለ። ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍላሽ ላይ አዘጋጁና ላፕቶፑ ላይ ሳትጭኑት ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሱት። ዊንዶውስም ፋይላችሁም አይነካም። እዚያ ዋይፋዩ ፈጣን ከሆነ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ዊንዶውስ ውስጥ ነው። እዚያም ከዘገየ፣ በተለይ የሲግናል መስመሮቹ ራውተሩ አጠገብ ሆናችሁም ጥቂት ከሆኑ፣ ባለሙያ ከፍቶ ከካርዱ ጋር የተያያዙትን ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች እንዲያይላችሁ አድርጉ። ላፕቶፑ ከዚህ በፊት ለጥገና ተከፍቶ ከሆነ ሽቦው ላልቶ ወይም ሳይሰካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

የሠራላችሁን ድራይቨር ፋይል ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። የካርዱን ስም፣ የድራይቨሩን ቨርዥንና ጥሩ በነበረበት ቀን ያገኛችኋቸውን ሁለት ቁጥሮች አብራችሁ ጻፉ፤ በሚቀጥለው አፕዴት ማግስት የምታወዳድሩት ከእነሱ ጋር ነው።